ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ቅጠል

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ሰው ግን መደወሉን አልተወም። ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳም፣ ከዴን ሃግ፣ አንዳንዴም ረግጬው ከማላውቀው ከተማ የማላውቀው ሰው ቁጥሬን ከዘመድ ተቀብሎ ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ድመቴ ከሜዳ የመጣ ቅጠል አኝካለች፣ ምንም አትሆንም አይደል? አንዳንዱ የቅጠሉን ፎቶ በስልክ ይልካል። ሁሉም ከእኔ የሚፈልገው «ምንም አትሆንም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህን ቃል በስልክ ከተናገርኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። «ታደለ ፈሪ ነው፣ ለሁሉም ነገር ሐኪም ጋ ሂዱ ነው የሚለው» እንደሚባል አውቃለሁ። ለምን እንደፈራሁ ለባለቤቴ እንኳ በቅጡ ሳልነግራት ነው የቆየሁት። አሁን ሥራውን ጨርሻለሁ፤ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ሙያዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። አገር ቤት ሳለሁ አርሲ ውስጥ በሁለት የገጠር ክሊኒኮች ሠርቻለሁ። በሬ፣ በቅሎ፣ በግ፣ አንዳንዴም ፈረስ አክሜያለሁ፤ ድመት ይዞልኝ የመጣ ሰው ግን አላስታውስም። ተሰድጄ ሆላንድ ስገባ የትምህርት ወረቀቴን ገልጦ የሚያይልኝ አላገኘሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ማጽዳት ነበር፤ አንዱ መንገደኛ ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመቀመጫ መቀመጫ እየተሯሯጥን። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሌላ የጽዳት ሥራ ፈለግሁና አምስተርዳም ኖርድ፣ ከምኖርበት የማኅበር ኪራይ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ወለል መወልወል ጀመርኩ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር አካባቢ መሆኑ ነው።

የክሊኒኳ ባለቤት ዶክተር ሃነከ ይባሉ ነበር። ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች አንዲት ድመት ላይ ተረባርበው መርፌ ሊወጓት ሲታገሉ አየሁ። መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ፎጣ አነሳሁ፤ ከኋላዋ ሸፍኜ ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። የፈራ እንስሳ የሚደገፍበት ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል፤ ጥጃም ቢሆን እንዲሁ ነው። ድመቷ ዝም አለች። ዶክተሯ መርፌውን ሰጥተው ሲጨርሱ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በሳምንት ሁለት ጠዋት ከእሳቸው ጋር ምርመራ ክፍል እንድገባ አደረጉ፤ ቆይተውም የረዳትነት ትምህርት ቤት አስመዘገቡኝ። ዲፕሎማውን ይዤ ስወጣ ደመወዜ ከጽዳቱ ብዙም አልበለጠም፤ ግን ነጭ ጋዋን ለብሼ ስሜ ደረቴ ላይ ተጻፈ።

ስለ ዶክተር ሃነከ ልማድ ትንሽ ልበል፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከዚያ ነው። የእንስሳ ድድ የሚያዩት በመስኮት ብርሃን እንጂ በመብራት አልነበረም። ድመቷን አቅፈው ወደ መስኮቱ ይሄዱና ከንፈሯን ከፍ አድርገው ድዷን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ የነጣው ቦታ እንደገና እስኪቀላ በልባቸው ይቆጥራሉ። ደም ከተወሰደ ራሳቸው መስታወት ላይ ጠብታ አድርገው በሌላ መስታወት ጠርዝ ገፍተው ያሰጡታል፤ መጨረሻው እንደ ላባ ሳስቶ ካላለቀ ይጥሉትና እንደገና ይጀምራሉ። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ባለቤቱ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አላውቅም» ይሉና መጽሐፍ ያወጣሉ። መጀመሪያ ላይ እኔ አፍርላቸው ነበር።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ አጠያየቃቸው ነበር። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መልክ ይጠይቃሉ። ምን በላች? ከቤት ውስጥ የጎደለ ነገር አለ? በዚህ ሳምንት ቤት የገባ አዲስ ነገር ምንድን ነው? ለመጀመሪያው «ምንም» ብሎ የመለሰ ሰው ሦስተኛው ላይ «እውነት፣ አበባ ተሰጥቶኝ ነበር» ይላል። ስለ ተክል ደግሞ በወሬ ብቻ ተነስተው ደህና ነው ወይም አይደለም ብለው አያውቁም። ተክሉን ከነሥሩ አምጣ ነው የሚሉት።

አንድ የጸደይ ቀን በምሳ ሰዓት ከክሊኒኩ ጀርባ ወዳለው መናፈሻ ወሰዱኝ። ከዛፎቹ ሥር መሬቱን ሁሉ ሰፋ ያለ ለምለም ቅጠል ሸፍኖታል። ሆላንዶች ዳስሎክ ይሉታል፤ የዱር ነጭ ሽንኩርት ነው። በዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ እየለቀመ ምግብ ውስጥ መጨመር ጀምሮ ነበር። ከእሱ ጋር ደግሞ ቅጠሉ የሚመሳሰል፣ ትንንሽ ነጭ ደወል የመሰለ አበባ የሚያወጣ፣ ልብ የሚያቆም መርዛም ተክል አለ። ዶክተሯ ልዩነቱን አሳዩኝ። የዳስሎክ ቅጠል እያንዳንዱ በራሱ አገዳ ከመሬት ይወጣል፤ የመርዛሙ ሁለት ሁለት እየሆነ ከአንድ አገዳ ነው። ከዚያ ቅጠሉን በጣቴ ፈጭቼ እንዳሸት አደረጉኝ። ነጭ ሽንኩርት ነው። ያን ትምህርት አልረሳሁትም፤ ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ መርዛሙ አይደለም። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የድመትን ደም እንደሚያፈርስ ደግሞ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ሁለቱ ትምህርቶች ግን ጭንቅላቴ ውስጥ በተለያየ ቦታ ነበር የተቀመጡት።

ዶክተር ሃነከ ጡረታ ሲወጡ ክሊኒኳ ተሸጠች፤ እኔም ሮተርዳም ሥራ አግኝቼ ከነቤተሰቤ ተዛወርኩ። አዲሱ ክሊኒክ ትልቅ ነበር። ስልክ አያርፍም፤ ለአንድ እንስሳ የተመደበው አሥር ደቂቃ ነው። አለቃዬ ሩበን የሚባል ወጣት ሐኪም ነው፤ ፈጣን፣ ጎበዝ፣ ዞሮ የማያይ። ረዳት የሕክምና ምክር እንዳይሰጥ፣ የሚደውል ሁሉ ወደ ሐኪም እንዲተላለፍ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። ውሌ የስድስት ወር ነበር።

ሮተርዳም ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግን እኔ ረዳት አልነበርኩም፤ «የእንስሳት ሐኪሙ» ነበርኩ። አንድ እሁድ፣ የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። እትዬ አስካለ አረጋውያንን በመንከባከብ ብዙ ዓመት ሠርተው ወገባቸውን ታመው ቤት የዋሉ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሜሮን ሥራ ይዛ ለብቻዋ ወጥታለች። አብራቸው የቀረችው ሻሼ የምትባል ነጭና ግራጫ ድመት ናት። የወገባቸው ሕመም በጸናበት ክረምት ከአልጋ ያስነሳቻቸው እሷ እንደሆነች ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ «ካልተነሳሁላት ማን ያበላታል?» እያሉ።

ያን ዕለት የነገሩኝ ይህ ነው። ፈረንጆቹ ሲለቅሙ አይተው እሳቸውም ከመናፈሻ አንድ ከረጢት ቅጠል ለጾም ወጥ ለቅመዋል። ጠዋት ሻሼ ከረጢቱ ውስጥ ገብታ ስታኝክ አግኝተው አባረዋታል። ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። እኔም መርዛሙ ተክል ትዝ ብሎኝ በእርጋታ ጠየቅኋቸው።

«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል?»

«ቤቱን በሙሉ ነው ያሸተተው» ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው ምንም አትሆንም እትዬ። ሰውም ይበላዋል።»

መረቁኝ። አጠገባችን የነበረ አንድ ሰውዬ «ሙያ ማለት ይሄ ነው» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት እትዬ አስካለ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። የድመት መያዣውን በነጠላቸው ሸፍነው በትራም ነው የመጡት። ሻሼ ከመያዣው አልወጣ አለች። እኔ ነኝ ያወጣኋት፤ ክብደት የሌላት ጨርቅ መሰለችኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ከንፈሯን ገለጥኩ። ድዷ ወረቀት ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቢጫ ገብቶበታል። ስጫነው ለውጥ የለውም፤ የሚመለስ ደም አልነበረም። መያዣው ውስጥ የሸናችው እንደ ጠቆረ ሻይ ሆኖ ነጠላው ጫፍ ላይ ደርሷል።

እትዬ አስካለ በሆላንዶቹ ቋንቋ፣ በደች፣ መግባባት ይችላሉ፤ ሲጨንቃቸው ግን ቋንቋው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ሩበን በእኔ በኩል ነበር የሚጠይቃቸው። በደች እንዲህ አለኝ። «ጠይቃት። ፓራሲታሞል ወይም ሌላ መድኃኒት ሰጥታታለች? ደግሞ በዚህ ሳምንት ያልተለመደ ነገር በልታለች?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ስሰማ እሁድ፣ ከረጢቱ፣ ሽንኩርት፣ ትምህርት ቤት የተፈተንኩበት ገጽ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የሩበን ማስጠንቀቂያም አብሮ መጣ። ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ።

«እትዬ፣ መድኃኒት ሰጥተዋታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ በጭራሽ» አሉ።

ወደ ሩበን ዞሬ «ምንም የለም» አልኩ።

ልዋሽ ብዬ አስቤ አልነበረም፤ ግን አውቄ ነው ያደረግሁት። እሳቸው ደግሞ ቅጠሉን ራሳቸው ያላነሱት እኔ ምንም አይደለም ብያቸው ስለነበር ነው። የምታምነው ሰው አይጎዳም ያለህን ነገር ለሐኪም አትቆጥርም።

ሩበን ከቁንጫ የሚመጣ የደም በሽታ ጠረጠረ። ጸረ ተሕዋስያን እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ደሟም ተወስዶ ግማሹ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ እንዲላክ፣ ውጤቱ ነገ እስኪመጣ ግሉኮስ ተደርጎላት እንድትቆይ ወሰነ። የቀረውን ደም እኔ ወደ ጓዳው ላቦራቶሪ ይዤ ገባሁ። ቀጭኗን ቱቦ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ አዞርኳት። ጤነኛ ድመት ላይ ከቱቦው ሲሶውና ከዚያም በላይ ቀይ መሆን አለበት። የሻሼ አንድ አሥረኛም አልሞላም፤ ከላዩ ያለው ውሃም ሮዝ ሆኗል። ከዚያ ዶክተር ሃነከ እንዳስተማሩኝ ጠብታውን መስታወት ላይ ገፍቼ አሰጣሁት፣ በሰማያዊ ቀለም አቅልሜ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ቀይ የደም ሕዋሶቹ ጠርዝ ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ነገር ይታያል። አንዱ ላይ፣ ሁለቱ ላይ፣ የማየው ሁሉ ላይ። በጤነኛ ድመትም ላይ ጥቂት ይገኛል፤ ይህን ያህል ግን የለም። የሽንኩርት ሥራ ነው። ራሴ ያዘጋጀሁት መስታወት ራሴ ላይ መሰከረ።

ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ከጥያቄው በኋላ ሃያ ደቂቃ አልፏል።

ወደ ሩበን ሄጄ እሁድ የሆነውን ነገርኩት። ድመቷ የዱር ነጭ ሽንኩርት ስለበላች እትዬ አስካለ ጠይቀውኝ ምንም አትሆንም ማለቴን አልደበቅሁም።

«ቅድም ስጠይቅህስ?» አለኝ።

«አላስታወስኩም» አልኩት።

ያቺ ሁለተኛዋ ውሸት ናት። አልጮኸብኝም። ሰዓቱን አየና ኦክስጅን አዘጋጁ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሮጥን። የሻሼ የደም ዓይነት በካርድ ተፈተሸ፤ ያለፈተና ደም ብትሰጣት በደቂቃዎች ልትሞት ትችላለች። ክሊኒኩ ውስጥ የሚኖር አንድ ትልቅ ወንድ ድመት ነበረን፤ ዓይነቱ ገጠመ። እሱን አስተኝተን ከአንገቱ ደም ቀዳን። ደሙ በጠብታ መግባት ጀመረ። እኔ የሻሼን እግር ይዤ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። እትዬ አስካለ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው ጆሮዋን ይዳብሳሉ። ደሙ ግማሽ ሳይደርስ ትንፋሹ ተራራቀ፤ ከዚያ የምቆጥረው አጣሁ።

ሜሮን ከሥራ ቦታዋ የደረሰችው ሩበን ለእናቷ ምክንያቱን ሲያስረዳ ነው። እሱ በደች ሲናገር ሁሉንም ሰማች። እዚህ አገር ያደገች ልጅ ናት፤ ትልቅ ትንሽ ሳትል ሁሉንም አንተ ነው የምትለው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ ምንም አትሆንም ያልካት?»

«አዎ» አልኩ።

«እማዬ ከዚያ በኋላ ሻሼን ማባረር ተወች፤ ቅጠሉ ወለሉ ላይ ነበር፣ ማክሰኞ መጥቼ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ማማ፣ ዋሮም? ለምን ገና ስትገቢ ለዶክተሩ አልነገርሽውም?»

እትዬ አስካለ መሬት መሬት አዩ። «አልመጣልኝም ልጄ» አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥያቄው መጠየቁን፣ እኔ እንዳላደረስኩት፣ በዚያች ቅጽበት መናገር ይገባኝ ነበር። መያዣውን በነጠላ ሸፍኜ ሰጠኋቸው እንጂ አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶክተር ሃነከ ቤት ሄድኩ። አምስተርዳም ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በጀልባው ውሃውን ተሻግሬ፣ ሳይክላቸውን ደግፈው ከቆሙ ሰዎች መሐል ቆሜ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ለእሳቸው ሁሉንም ነገርኩ፤ ትርጉሙንም። ሃያው ደቂቃ ነው የገደላት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«አላውቅም» አሉኝ። ቀጥለው «ለሴትዮዋ ነግረሃቸዋል?» አሉ።

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው ለእኔ መንገርህ ምን ይጠቅማል?»

ሻይ አቀረቡልኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስወጣ እንደድሮው እጄን ጨበጡኝ። ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩትም፤ ለብዙ ጊዜም ሳልመልሰው ኖርኩ።

ሩበን በማኅደሬ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስገባ፤ ከስልኩም አነሳኝ። ውሌ ሲያልቅ ያድሰው እንደሆን አልጠየቅሁም። ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ከትልቁ ገበያ አጠገብ ያለች ክሊኒክ ተቀበለችኝ፤ ቤታችንንም ወደዚያው ቀየርን። እትዬ አስካለን ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን ከሩቅ ነበር የማያቸው። ሰላም ይሉኛል፤ ፊታቸውን አላዞሩብኝም። እሱ ነበር የባሰብኝ።

የዴን ሃግ አለቃዬ ዶክተር ዮስት ደግ ግን የደከማቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ አርብ ጠዋት ስልክ አነሳሁ። ቪኖድ የሚባል፣ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ የሱሪናም ሰው ነው። ድመቱ ጓሮ ውስጥ ሣር በልቶ ለሐጩን እያዝረከረከ እንደሆነ ሚስቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ነግራዋለች። ለዶክተር ዮስት ነገርኳቸው። ድመት ሣር ይበላል፣ ያስመልሰዋል፣ ያልፍለታል፣ ይጠብቅ በለው አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ከመቶ ዘጠና ጊዜ እንደዚያ ነው።

ስልኩን ግን መዝጋት አልቻልኩም። ምን በላ ስለው ሣር አለኝ። ጓሮው ውስጥ አዲስ የበቀለ ነገር አለ ወይ ስለው በዚህ ጸደይ ከአጥሩ ሥር የማያውቀው ሣር መብቀሉን፣ ሚስቱም ነጭ አበባው ስላማራት እንዳልነቀለችው ነገረኝ። ከነሥሩ አምጣልኝ አልኩት። ገበያ ቀን ነው፣ ጨርቁን ለማን ትቼ ልምጣ አለ። ድመቱ ለብቻው ከሣሩ ጋር ነው ማለት ነው።

ለዶክተሩ እኔ ልሂድ አልኳቸው። አራት እንስሳ ተራ ይጠብቃል፣ አይሆንም አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ እሄዳለሁ» አልኩና ጋዋኔን እንደለበስኩ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አለቃ ሲከለክለኝ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ገበያው ጢም ብሏል። የዓሣውንና የአትክልቱን ተራ በትከሻዬ እየገፋሁ አልፌ የቪኖድን መደብር አገኘሁ፤ ግራ እየተጋባ ቁልፉን ሰጠኝ።

ጓሮው ትንሽ ናት። ከአጥሩ ሥር ቀጫጭን፣ ደማቅ አረንጓዴ ቅጠል በዝቶ በቅሏል፤ ከሩቅ ላየው ሣር ነው። በአንድ በኩል በግ የጋጠው ይመስል ተቆርጧል። ተንበርክኬ አንዱን ከነሥሩ ነቀልኩ። ሥሩ ላይ ትንሽ ክብ ራስ አለው፤ የአበባው አገዳ በጣት ሲዳሰስ ሦስት ማዕዘን ነው። ፈጭቼ አሸተትኩት። ነጭ ሽንኩርት። የዳስሎክ ዘመድ ነው፤ ዴን ሃግ ውስጥ መናፈሻውን ሁሉ የወረረ ሌላ ዓይነት። ድመቱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ለሐጩ ይንጠባጠባል፤ አፉ ያንኑ ይሸታል። መያዣ አልነበረም። በጃኬቴ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው እየቧጨረኝ በገበያው መሐል ተመለስኩ።

ዶክተር ዮስት ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ተክሉን አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። አሸተቱ። አንድ ቃል ሳይናገሩ የሚያስመልሰውን መርፌ ሞሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን፤ እኔ ሰዓቱን ላለማየት ድመቱን ብቻ አየሁ። ከዚያ አወጣው፤ አንድ እፍኝ አረንጓዴ፣ ክፍሉን በሙሉ በሽንኩርት ሽታ የሞላ። የከሰል ዱቄት በውሃ ሰጠነው። ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም፤ ይህ መርዝ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። በየቀኑ ደሙን እየወሰድን ቱቦውን አዞርኩ። በሁለተኛው ቀን ቀዩ ትንሽ ዝቅ አለ፤ በሦስተኛው ይበልጥ ወረደ፤ ቱቦውን መስኮት ላይ ወስጄ ሁለት ጊዜ ለካሁት። በአራተኛው ቀን ባለበት ቆመ። በአምስተኛው አንዲት መስመር ከፍ አለ። ቪኖድ ድመቱን ሲወስድ ለሚስቱ የሚነግረው እንዳይጠፋው ተክሉን በላስቲክ አድርጌ ሰጠሁት፤ በዚያው ቀን ጓሮውን ቆፈሩት። ዶክተር ዮስትም ስለ መውጣቴ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን የዳነው የቪኖድ ድመት ነው እንጂ ሻሼ አይደለችም።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሰው የሚበላው ሁሉ ለድመት አይሆንም። የዱር ነጭ ሽንኩርት፣ ሰፊ ቅጠሉም ሣር መሳዩም፣ ጥሬውም የበሰለውም ለድመት አደገኛ ነው። ዛሬ በልታ ዛሬ ስትጫወት ብታያት አትረጋጋ፤ ሕመሙ ቀናት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ተክሉን ከነሥሩ ይዘህ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂድ፤ የበላችውን ማስወጣት የሚቻለው ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ ብቻ ነው።

ባለፈው የጸደይ ወቅት ሥራዬን ጨረስኩ። አበባ ሰጡኝ፣ ኬክ ተቆረሰ። በሳምንቱ ባቡር ይዤ ሮተርዳም ወረድኩ፤ ከዚያ በሜትሮ ወደ እትዬ አስካለ ቤት። በር የከፈቱልኝ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን፣ ሮላቶራቸውን፣ እየገፉ ነው። አርጅተዋል። ሌላ ድመት አላስገቡም።

ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው፤ መረቁኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ ጀመርኩ፤ ካለፈኝ እንደማልደፍረው አውቅ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሐኪሙ የጠየቀውን ሁሉ አልነገርኩዎትም። ያልተለመደ ነገር በልታለች ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔ የመድኃኒቱን ብቻ ነው ያደረስኩልዎ።»

ወዲያው የገባቸው አልመሰለኝም። «ለምን?» አሉ።

«እሁድ የነገርኩዎትን እንዳያውቅብኝ ፈርቼ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ዝም አልክ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አምስት ዓመት» አልኩ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ሮላቶሩ ላይ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አምስት ዓመት ሙሉ ለምን ያን ቅጠል ሳልናገር ቀረሁ እያልኩ ነው የምተኛው። ሜሮንም ዛሬ ድረስ ታነሳብኛለች፤ ሐኪም ፊት ቆመሽ እንዴት ትረሻለሽ እያለች። እኔም ያረጀሁ፣ የረሳሁ መስሎኝ ለሐኪሜ ነግሬ የመርሳት ምርመራ አድርጌያለሁ። ለካ የጠየቀኝ የለም።»

ይህን አላውቅም ነበር። አንዲት ድመት ገድያለሁ ብዬ ነበር የምኖረው፤ አንዲትን ሴት የገዛ ጭንቅላቷን እንድትጠራጠር ማድረጌን አላሰብኩትም። ይቅርታ ለማለት ስነሳ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«ለእኔ ነገርከኝ፤ ሰማሁ» አሉ። «አሁን ለእሷ ንገራት።»

ስልካቸውን አወጡ፣ የልጃቸውን ቁጥር ተጫኑ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት። ሦስት ጊዜ ጠራ። ሜሮን «ማማ» ብላ አነሳች።

«እናትሽ አይደሉም፣ ታደለ ነኝ» አልኳት። «ስለ ሻሼ ነው። እናትሽ አልረሱም ሜሮን። ሐኪሙ ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄውን ያላደረስኩላቸው እኔ ነኝ።»